ሳልታመም የታረደልኝ የእትዬ አሰለፈች በግ

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ደሴ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው አላህ ነፍሴን እንዲያቆይልኝ ሲለምኑ፣ እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት ላይ ነበርኩ።

ነፍሴ ደህና ናት። ጉልበቴ ግን ተልጧል።

ተቀመጡና ላጫውታችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። ሌላው ሰው ደግሞ ይህን ጊዜ ቪዲዮውን ሳይለጥፈው አልቀረም!

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። ስም ያተረፍኩት ስለ ጉዞ ክፉ ክፉውን በመጻፍ ነው። "ቤቱ ተቀምጦ ማየት ያቃተው ሰው ትኬት ስለቆረጠ አያይም" ያልኩት እኔ ነኝ። ሐይቅ ዳር እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ፎቶ የሚነሱትን "ልብስ ማስጫ ገመድ" ያልኳቸውም እኔው ነኝ።

ፖስቱ ላይክ በላይክ ሆኖ ነበር። ባለቤቴ ግን ላይክ አላደረገችውም። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ባለቤቴ ዘሀራ ትባላለች። ከወር በፊት ስልኳን ፊቴ ላይ ደገነችው። የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ነው፦ ዝዋይ፣ የወይን እርሻ፣ ጎህ ሲቀድ ከሐይቁ በላይ በፊኛ መንሳፈፍ፣ ከዚያ በወይኑ ረድፍ መሃል ብስክሌት መንዳት። ሦስት ቀን፣ ሙሉ ፓኬጅ።

በፊኛ! ከራስ በላይ እሳት እየነደደ፣ ሰው እንደ ሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ተደርድሮ! ባነብ ባነብ ይባስ አለ፤ ፊኛው የት እንደሚያርፍ ለካ አብራሪውም በትክክል አያውቅም፣ ነፋሱ ነው የሚያውቀው። "የሰው ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይሄዳል" እያልኩ ስጽፍ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ይህንኑ በፓኬጅ የሚሸጡ እንዳሉ አልሰማሁም ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ሦስት ያማሩ ዓረፍተ ነገሮች ተራ ይዘው ነበር።

"ቆይ" አለችኝ። "ከተጋባን ሃያ አምስት ዓመታችን ነው። አብረን ከደሴ የወጣንበትን ቀን ቁጠርልኝ።"

ቆጠርኩ። ደጋን፣ ለአጎቷ ቀብር። ወልድያ፣ ለእህቴ ልጅ ሰርግ። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሆስፒታል። ከሚሴ ለለቅሶ። እንደገና ከሚሴ፣ ለዚያው ሟች አርባ።

"አንድ ጊዜ" አለች፣ "ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ፣ ማንም ሳይታመም ሄጄ መመለስ እፈልጋለሁ። ካንተ ጋር።"

ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ወደመጡበት ተመለሱ። እሺ አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘሀራ ሌላ ሰው ሆነች። ደብተር ገዛች። ጫማ፣ ሻርፕ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ሁሉም በመስመር በመስመር ተጻፈ። "ሱብሒን መሬት ላይ ሰግደን ነው የምንነሳው" አለችኝ አንድ ቀን። "ቅርጫቱ ስለሚዞር ቂብላው ይጠፋብናል።" ይህን ድርጅቱ ራሱ አላሰበበትም!

ፎርሙን የሞላሁት ግን እኔ ነኝ። ክብደት ይጠይቃል፣ ለፊኛው። ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ቁመት ይጠይቃል፣ ለብስክሌቱ። ሁለት ሴንቲሜትር ጨመርኩ። ቀጥሎ እንዲህ የሚል መጣ፦ "ብስክሌት መንዳት ይችላሉ?"

እዚህ ላይ ትንፋሽ ልውሰድ።

ዘሀራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ የወንድሟን ብስክሌት እየሰረቀች ነው ያደገችው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ ላይ ብስክሌት ወይ ተሸክመኸው ትወጣለህ፣ ወይ ይዞህ ይወርዳል። በሁለቱ መሃል መንዳት የሚባል ነገር የለም።

ስንተጫጭ ግን "ብስክሌት ትችላለህ?" ብላኝ "ድሮ!" ብያታለሁ። እኔ ወጣት፣ እሷ ቆንጆ። ያቺ ውሸት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳታስቸግረኝ አብራን ኖረች።

"አዎ" የሚለውን ነካሁ።

ቀረ ፈቃድ። ከወሎ ውጭ ላላችሁ፣ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የቀረ ይቀጣል። ከከተማ የሚወጣ አባል ምክንያቱን ለዳኛው ነግሮ ያስመዘግባል። የእኛ ቅሬ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው፤ ዳኛው ሼህ ኑሩ የሚባሉ አባት ናቸው። ጸሐፊው ደግሞ፣

ጸሐፊው እኔ ነኝ።

አምና ሰው በሰበብ አስባቡ ከቀብር እየቀረ አስቸገረና ደንቡን እንዳጠብቅ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ አጠበቅኩት። "ፈቃድ የሚሰጠው ለሕመም፣ ለሐዘን ወይም ለእንጀራ ብቻ ነው፤ ከእነዚህ ውጭ ያለ ምክንያት ምክንያት አይባልም።" ምክንያት አይባልም! ስብሰባው ላይ ሳነበው ተጨብጭቧል።

በገዛ ዓረፍተ ነገራችሁ ታስራችሁ ታውቃላችሁ? ያምራል፣ ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም።

ሼህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። "ወይን አገር በፊኛ ልንሳፈፍ" ማለት ነበረብኝ። ከንፈሬ ሌላ ነገር አለ፦ "ለሕክምና።"

"ምንህን?"

"ያዞረኛል።" (ስለ ፊኛው ሳስብ እውነትም ያዞረኛል።)

"አብሽር፣ አላህ ያሽርህ" አሉኝ።

እዚያ ላይ አመስግኖ መውጣት ነበር። አልወጣሁም። ወሬው ዘሀራ ጆሮ እንዳይደርስ ፈርቼ ጨመርኩበት። "ሼሃችን፣ ባለቤቴ አታውቅም። እንዳይነገራት።"

ፊታቸው ተለዋወጠ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ከሚስቱ የሚደብቀው በሽታ የትኛው ነው? አዎ። እሱ ነው። ስሙን የማንጠራው፣ ውስጥ ውስጡን የሚሰራጨው።

እኛ ደግሞ መርዶ መደበቅ እናውቅበታለን። ሰው ወንድሙ ከሞተ ሳምንት ሆኖት፣ ሰፈር ሁሉ አውቆ፣ እሱ ብቻ ሳይሰማ ሻይ የሚጠጣበት አገር ነው። ሰፈሩ በዚህ ሙያው ተሰማራ። ዘሀራ ስታልፍ ጨዋታ ይቀየራል። እኔ ሳልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። በጽሑፎቼ ሁሉ የሚናደድ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝና "ያ ስለ መንገደኞች የጻፍከው እኮ ልክ ነበር" አለኝ።

ልክ ነበር! እሱ! ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

በዚያው ሰሞን እኔ በየሁለት ቀኑ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ለዘሀራ "የንባብ ክበብ አቋቁመናል" ብያታለሁ። የምሄደው ግን ብስክሌት በሰዓት የሚያከራዩ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ዘንድ ነው። መጀመሪያ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ለልጅህ ነው?" አሉኝ። "ለራሴ" ስል የያዙትን መልሰው ከጓዳ አሮጌ አወጡ።

"ይኼ መውደቅ ለምዷል" አሉ።

ትምህርታቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ "ጎማውን አትየው፣ የምትሄድበትን እይ!" ብዙ ፈላስፋ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያሳጠረው የለም። ጎማውን አየሁ። ወደቅኩ። እንደገና አየሁት፤ እዚያው ነው። እንደገና ወደቅኩ።

ደሴ ስመለስ አነክሳለሁ። ዘሀራ ስትጠይቀኝ "ደረጃ" እላለሁ፤ ደሴ ደረጃ አያጣም። ሼህ ኑሩ ደግሞ ክንዴ ላይ የበለዘውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መርፌው ነው?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ "በቀን ሦስት መርፌ" ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ እትዬ አሰለፈች ልምጣ። በአጥር የሚዋሰኑን ባልቴት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ለገና የሚቀልቡት አንድ በግ ነበራቸው። አተላውን ከየቤቱ እየለመኑ፣ እያነጋገሩ ያሳደጉት።

ነበራቸው ነው ያልኩት።

ዛሬ ጠዋት እኔ "ክበብ አለኝ" ብዬ ስወጣ፣ እትዬ አሰለፈች በጉን እየሳቡ ሼህ ኑሩ በር ላይ ደረሱ። "ለከማል ዱዓ ይደረግለት። ይኼም ይታረድለት። እናንተ እረዱት፣ እሱ እንዲበላው" አሉ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ በእስላም እጅ የታረደ አይቀምሱም። አንዲት ጉርሻ የማይቀምሱትን በግ ሰጡ።

ይህች ላይ ቀልድ ልጨምር ሞክሬ ነበር። አልመጣልኝም።

እንግዲህ ሰደቃው ተዘጋጀ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ዱዓው ተጀመረ። በሽተኛው የለም። ተደወለ፤ በሽተኛው ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ አያነሳም። ደጋግመው ደወሉ። ሼህ ኑሩ ፈሩ። ከእንግዲህ ለሚስቱ ካልነገርን ሐራም ነው ተባለና አራት ሽማግሌ ወደ ቤቴ ሄደ።

ዘሀራ በረፋዱ በሯ ላይ አራት ሽማግሌ ስታይ ምን እንዳሰበች አላውቅም። አልጠየቅኳትም። የምጠይቅ አይመስለኝም።

"ኮምቦልቻ ነው ያለው፣ የንባብ ክበብ" አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የንባብ ክበብ! ምስኪን፣ ለሕክምና እየወረደ ኖሯል። አሁንም አንድ ሆስፒታል ደጃፍ ወድቆ ይሆናል። ሚኒባስ ተያዘ። ዘሀራ፣ ሼህ ኑሩ፣ እትዬ አሰለፈችና ወንበር ያገኘ ሁሉ ተሳፍሮ ቁልቁለቱን ወረደ።

በዚያች ሰዓት እኔ ምን ላይ ነኝ?

ችያለሁ!

ከሦስት ሳምንት መውደቅ በኋላ፣ ዛሬ፣ ዓይኔን ከጎማው አንስቼ የምሄድበትን አየሁ። ብስክሌቱም ሄደ። ሃያ ሜትር። ሃምሳ ሜትር። ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ "ሄደ! ሄደ!" ይላሉ። ነፋሱ ሸሚዜን ነፋው። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መሃል መንገድ ላይ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አልጽፈውም። አንድ እጄን ለቅቄ ዘርግቼም ነበር። አዎ፣ እንደ ልብስ ማስጫ።

የምሄድበትን እያየሁ ነው። የምሄድበት ላይ አንድ ሚኒባስ አለ። መስኮቱ ላይ እትዬ አሰለፈች አሉ።

ስለ ፍሬን ገና አልተማርንም ነበር።

ሚኒባሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ገባሁ ማለት ይቻላል፤ ብስክሌቱ ውጭ ቀረ። ከኋላ ወንበር አንዱ ይህን ሁሉ በስልኩ ይቀርጻል።

"አትንኩት!" አሉ እትዬ አሰለፈች። "ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበታል! ከማልዬ፣ ልጄ፣ እኔ ማነኝ?"

"እትዬ አሰለፈች።"

"አወቀኝ! አወቀኝ!"

እልልታው ሊጀመር ሲል ጋሽ ደምሴ እያለከለኩ ደረሱ። "አይዟችሁ፣ አትደንግጡ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲወድቅ ነው የከረመው። ዛሬማ ጎበዝ ነበር!"

አንዳንድ ምስጋና አለ፣ ስድብ ቢሆን የምትመርጡት።

ሼህ ኑሩ ብስክሌቱን አዩ። ጋሽ ደምሴን አዩ። እኔን አዩ። "ከማል፣ ሐኪምህ እኒህ ናቸው?" አሉ።

ዘሀራን አልረሳኋትም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባሏ እየሞተ መሆኑን ሰምታ የወረደች ሴት ናት። ከወንበሩ ሥር ወደተጣጠፍኩበት ጎንበስ አለችና እንዲህ አለች፦

"ብስክሌት አትችልም?"

ከውሸቶቼ ሁሉ ያነሳችው እሷን ነው!

ወደ ደሴ ተመለስን። ያንን ዳገት በሕይወቴ ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እንደዛሬ ረዝሞ አያውቅም።

ስንደርስ ሥጋው በስሏል። ሰዉ አልተበተነም። ሼህ ኑሩ ቁጭ አደረጉኝና "በል ለጀማዓው ተናገር" አሉ።

ተናገርኩ። ፊኛውን፣ ብስክሌቱን፣ የወይን እርሻውን። "ወይን" ስል ከኋላ አንዱ "አዑዙ ቢላህ!" አለ።

ሼህ ኑሩ እጃቸውን አነሱ። "ተው፣ ወይኑ ምን በደለ? ዛፉ ላይ ያለ ፍሬ ሐላል ነው። እዚህ መሃል የፈላው ይኼ ሰው ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጀምሬ ነበር፤ ሲያዩኝ ተውኩት።

"እውነቱን ብትናገር ማን ይበላህ ነበር?"

"ደንቡ አይፈቅድም" አልኩ።

"ደንቡን ማን ጻፈው?"

"ራሱ!" አለ ያ አቅፎ የሳመኝ ጎረቤት። "አጨብጭበንለታል እኮ! ደግሞ ያ ስለ መንገደኞች የጻፍከውም ልክ አልነበረም፤ ትሞታለህ ብዬ ነው!"

ያኔ ከሴቶቹ በኩል ዘሀራ ተነሳች።

"የጠየቅኩት እኔ ነኝ" አለች። "ለዚህ ቅሬ ለቅሶ ስንት ቀን እንደቆምኩ መዝገቡ ያውቃል። አንድም አልቀረሁም። ሳልቀብርና ሳልድር አንድ ቀን ወጥቼ ልግባ አልኩ። ነውር ከሆነ ንገሩኝ።"

 ከሴቶቹ አንዷ "እኔ እኮ ሐይቅን እንኳ ያየሁት ለቅሶ ስሄድ ነው" አለች። ሌላዋ "እኔ ደግሞ መመለሻ ላይ፣ በመስኮት" አለች። ሐይቅ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ ወገኖቼ!

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ፍርዱ ብዙ አልቆየም።

"ዘሀራ ትሂድ" አሉ ሼህ ኑሩ። "ምክንያቷ ምክንያት ይባላል። አንተ ግን ፈቃድ የወሰድከው በሕመም ነው። በሽተኛ ይተኛል።"

"ሼሃችን፣ ቦታው የተያዘው ለሁለት ሰው..."

"እንግዲያው በጓን የሰጠችው ትሂድ።"

እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። "እኔ? ወደ ሰማይ? ሳልሞት?"

ዘሀራ አንድ ደቂቃ አላባከነችም። ስልኳን አውጥታ "እትዬ፣ ክብደትዎ ስንት ነው?" አለቻቸው።

"ምነው፣ እኔንም ልታርዱኝ ነው?"

ዘሀራ በሌለችበት ሦስት ቀን ለቅሶ ቢኖር ተራዋን እኔ እወጣለሁ፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ከሴቶቹ ጋር፣ ድንኳን ጀርባ። ደንቡም ይሻሻላል። "ልጻፈው" ስል "አንተ ተው፣ እሷ ትጽፈዋለች" ተባልኩ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። "ለሌለ በሽታ የተደረገው ያ ሁሉ ዱዓስ ምን ይሆናል?" አልኩ።

"አይባክንም" አሉ ሼህ ኑሩ። "አላህ ዘንድ ይቀመጥልሃል። ሃምሳ ሁለት ዓመትህ አይደል? ቶሎ ትደርስበታለህ።"

ከዚያ ሥጋው ፊቴ ቀረበ። "ብላ" አሉኝ እትዬ አሰለፈች፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ። "ባትታመምም ቀጥነሃል።" በላሁ። እንዳይጣፍጠኝ ጸለይኩ። ጣፈጠኝ።

ቤት ስንገባ ዘሀራ ደብተሯን ከፍታ የእኔን ጫማ ሰርዛ የእትዬን ጻፈች። አጠገቧ ቆምኩ። ሃያ አምስት ዓመት የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኩ።

"ያኔ ስንተጫጭ 'ብስክሌት አልችልም' ብልሽ ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?"

ቀና እንኳ አላለችም።

"ከኋላዬ እጭንህ ነበር" አለች።

ሐሙስ ይሄዳሉ። እኔ እስከ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ሻንጣ እሸከማለሁ።

እስቲ ባለትዳር የሆናችሁ ወንዶች ኮሜንት ላይ አንዲት ነገር መልሱልኝ፦ ስንት ዓመት ከሚስታችሁ የደበቃችሁት ነገር አለ? ብትነግሯት ኖሮ ምን ትላችሁ እንደነበር ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ?

አትጠይቁ። እኔ ጠይቄ አየሁት።